ስለ ማኅፀን በር ነቀርሳና ከኤች አይ ቪ ጋራ ስላለው ዝምድና



በሽታ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በግልጥ መጥቶ ሰውን በትኩሳትና በሕማም የሚጥል ነው፤ የዚህ ጠላትነቱ ስለሚታወቅ ሰው ሁሉ መድኃኒት ለመፈለግ ይሮጣል። ሁለተኛው ግን በስውር ገብቶ፥ ሳይሰማና ሳይታይ ብዙ ዓመት ተቀምጦ፥ ሰውነትን ከውስጥ ከጎዳ በኋላ ብቻ የሚገለጥ ነው። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ስለ ሆነው ስለ ማኅፀን በር ነቀርሳ ነው። ነቀርሳ የምንለው ብዙ ሰው ካንሰር እያለ የሚጠራውን በሽታ ነው።

ይህ ነቀርሳ በአገራችን በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁት የነቀርሳ ዐይነቶች ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። በዓለም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓመት 660,000 ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ ሲያዙ፥ 350,000 ያህል ደግሞ ሞተውበታል። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ይልቁንም የሚያሳዝነው፥ መንሥኤው የታወቀ፥ መከላከያው የተገኘ፥ በጊዜው ከታየም በቀላል ሕክምና የሚጠፋ በሽታ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ሰው መግደሉ ነው።

ከሴቶችም ሁሉ ይልቅ ለዚህ በሽታ የተጋለጡት ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ናቸው። እነዚህ እናቶችና እኅቶች ስለ ኤች አይ ቪ የሚሰጠውን መድኃኒት በየቀኑ እየዋጡ፥ ሥራቸውን እየሠሩ፥ ልጆቻቸውን እያሳደጉ ይኖራሉ። ነገር ግን ከአንዱ ጠላት ያመለጠች ሴት ባላወቀችው በሁለተኛው ጠላት እንዳትወድቅ ሊነገራት ይገባል። ይህንንም መንገር የሐኪም ሥራ ብቻ አይደለም። ሐኪም የሚያገኘው ወደርሱ የመጣችውን ሴት ነው፤ ያልመጣችውን የሚያገኛት በመንደሯ የሚኖር መምህርና የሚከበር ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ነገሩን አስቀድማችሁ እናንተ ትረዱት ዘንድ፥ ከዚያም በኋላ ለሌላው ታስረዱት ዘንድ ይህን ጽፈንላችኋል።

1ኛ፤ የበሽታው መንሥኤ ምን እንደ ሆነ

በጥንት ዘመን የማኅፀን በር ነቀርሳ ከምን እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። በ1842 ዓመት ዶሜኒኮ ሪጎኒ ስቴርን የሚባል የኢጣልያ ሐኪም በቬሮና ከተማ የሞቱትን ሴቶች መዝገብ ሲመረምር፥ የማኅፀን ነቀርሳ ባል አግብተው በኖሩት ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ሲገኝ፥ በገዳም በኖሩት መነኮሳይያት ላይ ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ መገኘቱን አስተዋለ። ከዚህም የተነሣ በሽታው ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋራ አንድ ነገር ሳይኖረው እንደማይቀር ተጠረጠረ። ነገር ግን ያ አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ከ100 ዓመት በላይ አለፈ።

በመጨረሻ ሐራልድ ትሱር ሐውዘን የተባለ የጀርመን ሊቅ ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ ከነቀርሳው የተቈረጠውን ሥጋ ሲመረምር በውስጡ አንድ ቫይረስ አገኘ። ቫይረስ ማለት በዓይን ቀርቶ በተራ ማጕያ መነጽር ስንኳ የማይታይ፥ በሕያው ፍጥረት ሕዋስ ውስጥ ካልገባ በቀር መባዛት የማይችል እጅግ ረቂቅ ነገር ነው። ይህ የተገኘው ቫይረስ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ይባላል፤ በአጭሩም ኤች ፒ ቪ ይሉታል። ትሱር ሐውዘን 16ኛውን ዐይነት በ1983 ዓመት፥ 18ኛውንም ዐይነት በ1984 ዓመት በነቀርሳው ውስጥ አገኘ።

በዚያው በ1983 ዓመት በፓሪስ ከተማ ፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲ የተባለች ሴትና ሉክ ሞንታኜ የተባለ ሰው ኋላ ኤች አይ ቪ የተባለውን ቫይረስ አገኙ። በ2008 ዓመትም የሕክምና የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ፥ እኩሌታው ለትሱር ሐውዘን፥ እኩሌታው ለነዚህ ለሁለቱ ሆነ። እንግዲህ ሁለቱ ቫይረሶች በአንድ ዓመት ተገኝተው፥ ያገኟቸውም ሰዎች በአንድ ቀን ተሸለሙ። በታመመ ሰው ሰውነት ውስጥም ሁለቱ ቫይረሶች እንዲሁ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ።

የኤች ፒ ቪ ዐይነቱ ከ200 ይበልጣል። ብዙዎቹ ጕዳታቸው አነስተኛ ነው፤ በልጆች እጅና እግር ላይ የምናየው ኪንታሮት ስንኳ ከነርሱ ከአንዳንዶቹ የሚመጣ ነው። 6ኛውና 11ኛው ዐይነት በብልት አካባቢ ኪንታሮት ያወጣሉ፤ ይህም ያስጨንቃል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ነቀርሳ አይለወጥም። ነገር ግን ከ12 የማያንሱ ሌሎች ዐይነቶች ነቀርሳ የሚያመጡ ናቸው። ከነርሱም ዋነኞቹ 16ኛውና 18ኛው ሲሆኑ፥ በዓለም ካለው የማኅፀን በር ነቀርሳ ከ100 እጅ 70 ያህሉ የሚመጣው ከነዚህ ከሁለቱ ነው።

2ኛ፤ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍና ነቀርሳ እንዴት እንደሚሆን

ይህ ቫይረስ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ ቈዳ ከቈዳ ጋራ ሲነካካ ነው። ኮንዶም ብዙ ይከላከላል፤ ነገር ግን የማይሸፍነው ቈዳ ስለሚቀር ፈጽሞ አይከለክልም። ኤች አይ ቪንና ሌላውን የአባለ ዘር በሽታ ስለሚከለክል ግን ጥቅሙ ሳይቀር ይኖራል።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎች በብርቱ እንድታስተውሉት የምንለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ይህ ቫይረስ እጅግ የተስፋፋ ስለ ሆነ፥ ግብረ ሥጋ ከጀመሩት ወንዶችና ሴቶች አብዛኞቹ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። አንድ ባል ብቻ የምታውቅ ሴት፥ አንዲት ሚስት ብቻ የሚያውቅ ወንድም ሊይዛቸው ይችላል። ደግሞም ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ስለሚቀመጥ መቼና ከማን እንደ መጣ ለማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ቫይረሱ የተገኘባትን ሴት በአመንዝራነት መጠርጠር፥ ቤትንም በዚህ ምክንያት ማፍረስ ዐላዋቂነትና ግፍ ነው።

ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት ዘበኞች፥ ይኸውም በደም ውስጥ ያሉት ነጫጭ ሕዋሳት፥ ያውቁትና ያጠፉታል። ከ10 ሰዎች የዘጠኙ ያህል ሰውነት በ2 ዓመት ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ያስወግደዋል። ሰውየውም እንደ ገባበት ሳያውቅ እንደ ወጣለትም ሳያውቅ ይቀራል።

ነገር ግን በጥቂቶቹ ላይ ሳይወጣ ይቀራል። የማኅፀን በር ሁለት ዐይነት ሽፋን የሚገናኝበት ቦታ ስለ ሆነ ለዚህ ቫይረስ ይመቸዋል። ቫይረሱ በዚያ ሥር ሰዶ ሲቀመጥ ሁለት ፕሮቲኖችን ያበጃል። እነዚህም ሕዋሶች ከልክ አልፈው እንዳይባዙ የሚያግዷቸውን ልጓሞች ይፈታሉ። ልጓሙ የተፈታ በቅሎ ወዳሻው እንደሚጋልብ፥ እነዚያም ሕዋሶች ያለ ሥርዓት ይባዛሉ። አስቀድሞ የሽፋኑ መልክ ይለወጣል፤ ይህ ገና ነቀርሳ አይደለም፥ የነቀርሳ መንገድ ነው እንጂ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ግን ሽፋኑን ጥሶ ወደ ውስጥ ሥጋ ሲገባ ያን ጊዜ ነቀርሳ ይባላል።

ጤናማ በሆነች ሴት ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ይህ ረጅም ጊዜ ለሰው የተሰጠ ትልቅ ዕድል ነው። ገበሬ አረሙን ገና በቅጠሉ ሳለ ቢያየው በእጁ ይነቅለዋል፤ አዝመራውን ካነቀው በኋላ ግን ድካሙ ብዙ፥ ትርፉም ጥቂት ነው። የዚህም በሽታ ነገር እንደዚሁ ነው።

3ኛ፤ ኤች አይ ቪ ሲጨመርበት የሚሆነው

ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው እነዚያኑ የሰውነት ዘበኞች ነው፤ ይልቁንም ሲዲ ፎር የሚባሉትን፥ ለሌሎቹ ዘበኞች ትእዛዝ የሚሰጡትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይገድላል። አለቃው የሞተበት ዘብ ምን ሊጠብቅ ይችላል? ስለዚህ ሰውነቷ በኤች አይ ቪ የደከመ ሴት ኤች ፒ ቪ በቀላሉ ይይዛታል፤ ከያዛትም በኋላ በቶሎ አይወጣላትም፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ ዐይነት በላይ ባንድነት ይገኝባታል። ወደ ነቀርሳ የሚወስደውም መንገድ ያጥርባታል። በጤናማ ሴት ከ15 እስከ 20 ዓመት የሚፈጀው፥ ኤች አይ ቪ ኖሮባት መድኃኒት ባልጀመረች ሴት ከ5 እስከ 10 ዓመት ብቻ ሊፈጅ ይችላል።

ሊቃውንት ከብዙ አገር የተሰበሰበውን መዝገብ አስተያይተው በ2020 ዓመት እንደ ገለጡት፥ ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት ከሌለባት ሴት ይልቅ የማኅፀን በር ነቀርሳ ሊይዛት የሚችልበት ዕድል 6 እጥፍ ነው። ሁለቱ በሽታዎች ባንድነት ካሉባቸው የዓለም ሴቶች ከ100 እጅ 85 የሚሆኑት የሚኖሩት ከሰሐራ በታች ባለው በኛው በአፍሪካ ነው። ነገሩም የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ኤች ፒ ቪ ያለበት ሰው ከሌለበት ሰው ይልቅ ኤች አይ ቪ በቀላሉ ሊይዘው እንደሚችል ታውቋል።

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይህን አደጋ ይቀንሳል። በጊዜው የተጀመረና ሳይቋረጥ የተወሰደ መድኃኒት ዘበኞቹን መልሶ ያበዛል፤ ሰውነትም ኤች ፒ ቪን ለማስወጣት ጕልበት ያገኛል። ስለዚህ ማንም ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ። ዳሩ ግን ይህ መድኃኒት የተሠራው ለኤች አይ ቪ እንጂ ለኤች ፒ ቪ አይደለም፤ በማኅፀን በር ላይ አስቀድሞ የጀመረውንም ለውጥ ሁልጊዜ አያጠፋውም።

ለምሳሌ አንዲት ሴት እናስብ። ኤች አይ ቪ እንዳለባት ካወቀች 10 ዓመት ሆኗታል። መድኃኒቷን አንድ ቀን ስንኳ አላስታጐለችም፤ ሰውነቷ ጸንቷል፥ ፊቷ ወዝቷል፤ በደሟ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይገኝ እስኪሆን ቀንሷል። ጎረቤት ሲያያት፥ ራሷም በመስተዋት ስታይ፥ ፈጽሞ ጤነኛ ናት። ነገር ግን የማኅፀኗን በር ማንም አይቶላት አያውቅም፤ እንድትታይም የነገራት የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያለ ወሯ ደም ይታያታል፤ አፍራ ለማንም ሳትናገር አንድ ዓመት ትቈያለች። ወደ ሐኪም ስትሄድ በሽታው ሥር ሰዶ ይገኛል። ይህች ሴት የሞተችው በኤች አይ ቪ ነውን? አይደለም። በበሽታው ጽናት ብቻ ነውን? እሱም አይደለም። ባልተነገራት በአንድ ቃል ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ሞት ሊቀር የሚችል ሞት ነው፤ የምንጽፍላችሁም ስለዚህ ነው።

ወንዶችም ከዚህ ቫይረስ ነጻ አይደሉም። በወንድ ላይ የብልት፥ የፊንጢጣና የጕሮሮ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል፤ ኤች አይ ቪ ባለባቸው ወንዶችም ይህ አደጋ፥ ይልቁንም የፊንጢጣው ነቀርሳ፥ ይበረታል። በብልት ወይም በፊንጢጣ አካባቢ ኪንታሮት፥ የማይድን ቍስል ወይም ደም የሚታይበት ወንድ ሳያፍር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

4ኛ፤ ስለ ምርመራውና ስለ ሕክምናው

ብዙ ሴቶች ምርመራ ሲባል ስለት፥ ሕማምና የብዙ ቀን መኝታ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በገጠር ጤና ጣቢያ ሊደረግ የሚችለው ምርመራ ይህ ነው። የሠለጠነች ነርስ ወይም ሐኪም የማኅፀኑን በር በመሣሪያ ገልጣ፥ እጅግ በቀጠነ የአቼቶ አሲድ ትቀባዋለች። ይህም በየቤታችን አቼቶ በምንለው ውስጥ የሚገኘው አሲድ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃ ታየዋለች። ጤናማ ሽፋን መልኩን አይለውጥም፤ ለውጥ የጀመረው ሽፋን ግን ነጭ ሆኖ ይታያል። ሥራው ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ሴቲቱም ውጤቷን ሰምታ በዚያው ሰዓት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ይህ በዐዋቂ እጅ የሚደረግ ስለ ሆነ ማንም በቤቱ ሊሞክረው አይገባም።

ሁለተኛው ምርመራ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ነው። ከማኅፀኑ በር በለስላሳ ብሩሽ ወይም በጥጥ ጥቂት ፈሳሽ ይወሰድና በላቦራቶሪ ይመረመራል። ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ የታመነ ነው፤ ፈሳሹንም ሴቲቱ በተነገራት መንገድ በራሷ እጅ ልትወስደው ስለምትችል፥ መገለጥ ለምታፍር ሴት ይቀላታል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ዓመት ባወጣው ምክር፥ ኤች አይ ቪ የሌለባት ሴት ከ30 ዓመቷ ጀምራ እንድትመረመር ሲያዝዝ፥ ኤች አይ ቪ ያለባት ግን ከ25 ዓመቷ እንድትጀምር ይመክራል። የቫይረሱ ምርመራ ሲሆን ኤች አይ ቪ የሌለባት ከ5 እስከ 10 ዓመት፥ ያለባት ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ትደግመዋለች። በአቼቶ አሲድ የሚደረገውን ግን ሁሉም በየ3 ዓመቱ መድገም ይገባቸዋል። እንግዲህ አንድ ጊዜ ታይታ ደኅና የተባለች ሴት ለዘላለም ደኅና ነኝ ብላ እንዳትዘናጋ ንገሯት።

ለውጥ የተገኘባት ሴት ሕክምናው ቀላል ነው። የተለወጠውን ሽፋን በብርቱ ቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ያጠፉታል፤ ይህም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚወስድ ብዙ ጊዜ በምርመራው ቀን ይፈጸማል። ለውጡ የሰፋ እንደ ሆነ ወደ ሆስፒታል ተልካ ያን ክፍል ብቻ ይቈርጡላታል። ማኅፀኗ አይወጣም፤ ልጅ መውለድም አይከለከላትም። ከሕክምናው በኋላ ቍስሉ እስኪሽር አንድ ወር ያህል ከግብረ ሥጋ መታቀብ ይገባታል፤ ባሏም ይህን አውቆ ሊታገሣት ግዴታው ነው። በዓመቱም ተመልሳ መታየት አለባት።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከ2010 እስከ 2014 ዓመት ድረስ አዲስ ተስፋ በተባለው ሥራ በኢትዮጵያ ከ16,000 የሚበልጡ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሴቶች በአቼቶ አሲድ ተመርምረው፥ ከ10 ሴቶች በአንዷ ያህል ላይ ለውጥ ተገኘ። ለቅዝቃዜው ሕክምና የተገቡት አብዛኞቹም ታክመዋል። እንዲህ ያለው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሕማም አያሰማም። ባይመረመሩ ኖሮ ማን ያውቅላቸው ነበር?

ሕማም እስኪሰማ መጠበቅ ስሕተት ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ምልክት የለውምና። ይሁን እንጂ ያለ ወር አበባ ጊዜ ደም የሚፈስሳት፥ ከግብረ ሥጋ በኋላ የምትደማ፥ ወር አበባዋ ከቆመ በኋላ እንደ ገና ደም ያየች፥ ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚወጣት፥ ወይም ታችኛው ሆዷንና ወገቧን ዘወትር የሚያማት ሴት አንድ ሳምንት ስንኳ ሳትቈይ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት። እንዲህ ያለችውን ሴት ሥርና ቅጠል እያስጠጡ ወይም በማኅፀኗ እየጨመሩ ማቈየት ዕድሜዋን ማሳጠር ነው።

5ኛ፤ ስለ ክትባቱ

ከ2006 ዓመት ጀምሮ ለዚህ ቫይረስ ክትባት ተገኝቷል። ክትባቱ የተሠራው ከቫይረሱ ውጪያዊ ቅርፊት አምሳያ ብቻ ነው፤ ፍሬ የሌለው ገለባ እንደማይበቅል፥ ይህም ባዶ ቅርፊት በሽታ ሊያመጣ አይችልም። የሰውነት ዘበኞች ግን ቅርፊቱን አይተው የጠላታቸውን መልክ ያጠናሉ፤ እውነተኛው ጠላት በመጣ ጊዜም ሳይገባ ይመልሱታል። ስለዚህ ክትባቱ የሚጠቅመው ይልቁንም ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት፥ ማለት በልጅነት ሲሰጥ ነው። የገባውን ቫይረስ ግን አያወጣም፤ የተከተበችም ሴት ዕድሜዋ ሲደርስ ምርመራውን አትተውም።

በአፍሪካ ክትባቱን ለአገር ልጃገረዶች ሁሉ በመስጠት ሩዋንዳ በ2011 ዓመት ቀደመች። በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በዘመቻ ተሰጥቷል። ፍሬውን ለማየት ወደ ስኮትላንድ እንመልከት። በዚያ አገር በ2008 ዓመት ክትባቱ በትምህርት ቤት ተጀመረ፤ በ2024 ዓመት በወጣው ምርመራ በ12 ወይም በ13 ዓመታቸው ከተከተቡት መካከል የማኅፀን በር ነቀርሳ የያዛት አንዲት ሴት ስንኳ አልተገኘችም።

ኤች አይ ቪ ያለባት ልጅም ክትባቱን መውሰድ ትችላለች፤ ከሌሎቹ ይልቅም ያስፈልጋታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ዓመት እንደ መከረው፥ ለጤናማ ልጃገረድ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ሲበቃት፥ ኤች አይ ቪ ያለባት ከሁለት ጊዜ ማነስ የለበትም፤ ቢቻልም ሦስት ጊዜ መከተብ አለባት። ስለዚህ ሌሎቹ ጨርሰናል ሲሉ እርሷ ገና የሚቀራት ሊኖር ስለሚችል፥ መድኃኒት የምትወስድበትን ጤና ጣቢያ መጠየቅ ለወላጆቿ ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች ክትባቱ ልጃገረዶችን መካን ያደርጋል እያሉ ያወራሉ። ይህ ሐሰት ነው። ማኅፀንን የሚያሳጣው ክትባቱ ሳይሆን ነቀርሳው ነው። ሌሎችም ልጃገረዶቹን ለግብረ ሥጋ ያደፋፍራል ይላሉ። በሬን የቆለፈ ሰው ሌባ ጠራ ይባላልን? ክትባት ጥበቃ ነው፥ ምግባርን የሚያስተምረውም ቤተ ሰብና ትምህርት ቤት ነው።

6ኛ፤ የመምህሩና የሽማግሌው ድርሻ

ከዚህ በላይ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ሴቶች ለይቶ ሊመክራቸው ያስብ ይሆናል። አሳቡ መልካም ነው፤ መንገዱ ግን ያሳስታል። አንድ ሽማግሌ በእድር ተነሥቶ፥ ‹ኤች አይ ቪ ያለባችሁ ሴቶች ሂዳችሁ ተመርመሩ› ቢል፥ በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደችውን ሴት ሰው ሁሉ በጣቱ ይጠቍምባታል። ስለዚህም ምርመራው እጅግ የሚያስፈልጋት ያቺ ሴት በቤቷ ትቀራለች። በጎ ቃል ያለ ጥበብ ሲነገር እንዲህ በር ይዘጋል።

ስለዚህ ምክሩን ለሁሉም ተናገሩ። ‹ዕድሜያቸው ለምርመራ የደረሰ የመንደራችን ሴቶች ሁሉ ሂደው ይታዩ፤ መቼ መጀመርና በስንት ጊዜ መመለስ እንዳለባት ለእያንዳንዷ በጤና ጣቢያ ለብቻዋ ይነገራታል› በሉ። ሴቶች ሁሉ በአንድነት ሲሄዱ፥ ከመካከላቸው ይልቅ የሚያስፈልጋት ሳትታወቅ አብራ ትሄዳለች፤ ለነርሷም ኤች አይ ቪ እንዳለባት በምስጢር ነግራ እንደሚገባት ትታያለች። ሌሎቹም ከድካማቸው ጥቅም እንጂ ጕዳት አያገኙም።

መምህር ሆይ፤ ከተማሪዎችህ ወይም ከወላጆቻቸው መካከል ኤች አይ ቪ ያለበትን ብታውቅ ምስጢሩን ጠብቅ፤ ለባልደረባህም ቢሆን አትንገር። ክትባት በሚሰጥበት ቀን የቀረችውን ልጃገረድ መዝግበህ፥ ወላጆቿን አስጠርተህ በትሕትና አስረዳቸው። ከትምህርት ቤት የራቁት፥ በቤት ሥራና በከብት ጥበቃ የቀሩት ልጃገረዶችም እንዳይረሱ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋራ ተመካከር።

ሽማግሌዎች ሆይ፤ የእናንተ ቃል በባሎች ዘንድ የተሰማ ነው። ባል ሚስቱን ለምርመራ ቢልካት፥ የመንገዷንም ወጪ ቢሰጣት፥ ቀኑንም ልጆቹን ቢጠብቅላት፥ ይህ ከጌጥና ከልብስ የሚበልጥ ስጦታ መሆኑን አስረዱ። በእርቅ ሸንጎም ላይ በዚህ በሽታ ምክንያት የተከሰሰች ሴት ብትቀርብ፥ ከላይ እንደ ተነገረው ቫይረሱ የማንንም ጥፋት የሚመሰክር እንዳልሆነ አስታውሳችሁ ፍረዱ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓመት ለመንግሥታት ሁሉ ባቀረበው ዕቅድ፥ እስከ 2030 ዓመት ድረስ ከ100 ልጃገረዶች 90ው 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ፥ ከ100 ሴቶች 70ው በ35 ዓመታቸውና እንደ ገና በ45 ዓመታቸው በታመነ ምርመራ እንዲታዩ፥ በሽታው ከተገኘባቸውም ከ100 90ው እንዲታከሙ ተወስኗል። ይህ ቍጥር የሚሞላው በዋና ከተማ አዳራሽ አይደለም። የሚሞላው በየመንደሩ አንዲት ሴት ለሌላዪቱ፥ ‹ነይ፥ አብረን እንሂድ› ስትላት ነው።

አባቶቻችን፥ ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም› ይላሉ። ይህ በሽታ ግን ራሱ የሚደበቅ ነውና፥ እኛ ደግሞ በኀፍረት ብንደብቀው ሁለት ጊዜ ይሰወራል። እንግዲህ በሚቀጥለው የወላጆች ጉባኤ፥ በሚቀጥለውም የእድር ቀን፥ ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ መካከል አንዱ ተነሥቶ የምርመራውን ነገር ለሁሉ ይናገር። ያን ቀን በጉባኤው መካከል ምስጢሯን በልቧ ይዛ የተቀመጠች አንዲት እናት ብትሰማውና ብትሄድ፥ ልጆቿ ያለ እናት አይቀሩም።